«ትራንዚት ለንደን» የሚል ርካሽ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ኤርፖርቱን አረጋግጡ

ዋጋቸው ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ከሚቀርቡ የትራንዚት ቲኬቶች አንዳንዶቹ ተሳፋሪውን በአንድ ኤርፖርት አውርደው ከሌላ ኤርፖርት የሚያሳፍሩ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ተሳፋሪው የሚጓዘው በራሱ ወጪና በራሱ ኃላፊነት ነው።

በቅርቡ አንድ ሻጭ ባቀረበልኝ የጉዞ ሰነድ ላይ ጎልቶ የተጻፈው «ለንደን፣ የ4 ሰዓት ቆይታ» የሚል ነበር። መድረሻው ሂትሮው፣ ቀጣዩ መነሻ ግን ጋትዊክ መሆኑን የሚያሳዩት ከሰዓቱ ጎን በደቃቅ ፊደል የሰፈሩት ኤልኤችአር እና ኤልጂደብሊው የተባሉት መለያዎች ብቻ ናቸው። ሻጩን ስጠይቀው «ሁለቱም ለንደን ናቸው፣ ቅርብ ነው» ሲል መለሰልኝ። ይህ አሳሳች መልስ ነው። በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ መኪና የሚሄደው በቀለበት መንገዱ ዞሮ ስለሆነ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አውቶቡስም መንገዱ ክፍት ሲሆን እንኳ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ላይ ከአውሮፕላን መውረጃው፣ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቁና እንደገና ቼክ ኢን ማድረጉ ሲደመር፣ አንድ በረራ ትንሽ ቢዘገይ 4 ሰዓቱ አይበቃም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የቪዛው ጉዳይ ነው፤ ከኤርፖርት ወደ ኤርፖርት ለመሄድ የግድ ወደ አገሩ መግባት ስለሚያስፈልግ፣ ከኤርፖርት ውስጥ እንዳይወጣ የሚገድብ የትራንዚት ቪዛ የያዘ ሰው ሁለተኛውን በረራ ሊደርስበት አይችልም።

ችግሩ የለንደን ብቻ አይደለም። በፓሪስ ስም የሚሸጠው የቦቬ ኤርፖርት ከከተማው 85 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፍራንክፈርት ሃን የተባለውም ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

አንዳንድ ሻጮች በማስረጃነት የሚያሳዩት በኢንተርኔት የሚገኘውን የርቀትና የጉዞ ሰዓት ማስያ ነው። ማስያው በምድር ገጽ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር በአንድ በተገመተ ፍጥነት ከማካፈል ያለፈ ነገር ስለማያደርግ፣ ለሂትሮውና ለጋትዊክም በደቂቃ የሚቆጠር የበረራ ጊዜ ያወጣል፤ በሁለቱ መካከል ግን መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም። ቀድሞ የነበረው የሄሊኮፕተር መስመር እንኳ በ1986 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ለረጅም በረራም ቢሆን ማስያው ነፋሱን አይቆጥርም፤ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የለንደንና የኒው ዮርክ በረራ ወደ ምዕራብ ሲሆን ከመልሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ይረዝማል።

ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ቲኬት ከተገዙ፣ ያመለጠው በረራ «ተሳፋሪው አልቀረበም» ተብሎ ይመዘገባል፣ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ቁጥር 261፣ በረራ ተሰርዞ አየር መንገዱ ተሳፋሪውን በዚያው ከተማ ወዳለ ሌላ ኤርፖርት ቢያደርሰው የማመላለሻውን ወጪ አየር መንገዱ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ ቲኬቱ ላይ አስቀድሞ ለተጻፈ የኤርፖርት ለውጥ ግን ይህ ድንጋጌ አያገለግልም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ኤርፖርት ሙሉ ስም፣ ጉዞው በሙሉ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር የተያዘ መሆኑን፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው መድረሻ የሚላክ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ቲኬቱን ገዝታችሁ ከሆነ ለውጥ የምትጠይቁት ከመነሻው በረራ በፊት ይሁን፤ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ተቀባይ የማግኘት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።