በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፦ ሲሼልስ ወይስ ጎርጎራ?

ከጎንደር ተነስቶ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ከላባና ከክር በተሠራ፣ ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ) ማጥመድ ላማረው፣ አንዱ ምርጫ የሲሼልሷ አልፎንስ ደሴት ናት። በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋናዋ ደሴት ማሄ፣ ከማሄ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። ጥልቀት በሌለው ባሕር በእግር እየሄዱ ቦንፊሽና ግዙፉን ትሬቫሊ የተባሉትን የባሕር ዓሦች መፈለግ ነው። የተያዘው ይለቀቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ ይበረታል፤ ያን ጊዜ አይሂዱ። ዋጋው ግን አይቀመስም!

ሌላው ምርጫ፣ የጣና ዳርቻዋ ጎርጎራ፣ ከከተማችን ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጣና ውስጥ ትናንሽ ዓሦችን እያሳደዱ የሚበሉ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ወንዝ ስለሚወጡ ያኔ ባይነኩ ይሻላል። እንደ ሲሼልስ ውኃው ውስጥ መግባት አይመከርም፤ ብልሃርዚያ አለ። ከጀልባ ላይ ይወርውሩ። የማጥመጃ ዘንጉን ከቤት ይዞ መሄድ፣ የመንገዱንም ሰላም ቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ለጀማሪ እኔ ጎርጎራን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ቆሮሶው (ቲላፒያው) ምሳ ይሆናል።