ሴማግሉታይድ ወይስ ቲርዜፓታይድ?

አዳማ ላይ ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ «ለውፍረት የቱ መርፌ ይሻለኛል?» አለችኝ። ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ሁለቱም በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ሴማግሉታይድ የአንድ የአንጀት ሆርሞን ሥራ ይሠራል፣ ቲርዜፓታይድ የሁለት። ክብደት በመቀነስ ቲርዜፓታይድ ይበልጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ጥናት በ72 ሳምንት የሰውነት ክብደትን በአማካይ 20 በመቶ ቀንሷል፤ ሴማግሉታይድ 14 በመቶ ገደማ።

ልቡን ለሚያመው ግን እኔ ወደ ሴማግሉታይድ አደላለሁ። በትልቅ ጥናት ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋን በ20 በመቶ ቀንሷል። ማቅለሽለሹ ከሁለቱም አይቀርም። ሁለቱም ፍሪጅ ይፈልጋሉ (የአዳማን ሙቀትና የመብራት ነገር ታውቁታላችሁ)። ሲቆሙም ክብደቱ ይመለሳል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ትሄዳለች፤ በቤተሰቧ የታይሮይድ ካንሰር ካለ ሳትደብቅ ትነግረዋለች።