የፋብሪካ ጥይት ወይስ ድጋሚ የተሞላ?

ከወረኢሉ እስከ ላስታ ከፊል አውቶማቲክ (በተተኮሰ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ) ጠመንጃ በፈቃድ የያዘ ሰው ጥይት ሲወደድበት «ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀፎ፣ ሰብስቤ ባስሞላውስ?» ማለቱ አይቀርም።

ዋጋ፦ የፋብሪካው ውድ ነው። ድጋሚ የተሞላው የሚያዋጣው ግን ቀለሁ ናስ ሲሆን ነው፤ ኤስኬኤስ ለሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃና ለክላሽ የሚሠራው የብረት ቀለህ ለዚህ አይመችም።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ያልተስተካከለ ጥይት ሲገባ እጅ ይሰማዋል፤ ከፊል አውቶማቲኩ ግን በራሱ ኃይል ይዘጋል። የብዙ ኤስኬኤስ መርፌ (ጥይቱን መትቶ የሚያስነሣው) ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም። ስለዚህ ከቀለሁ ሥር ያለው መቀጣጠያ በቀላሉ የሚነሣ ወይም ወጣ ያለ ከሆነ ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሲያንስ ደግሞ አረሩ በርሜል ውስጥ ሊቀርና የሚቀጥለውን ተኩስ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። የሞላውን ሰው ሳታውቁ ጥይቱን አትግዙ!

ሕግ፦ ሁለቱም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ናቸው፤ ፈቃድ ይቀድማል።

ድጋሚ መሙላት የሚስማማው ሕጉ ለሚፈቅድለት፣ ትክክለኛ ሚዛንና የአምራቹ የመጠን ሰንጠረዥ ላለው ዒላማ ተኳሽ ነው። ንብረቱን ለሚጠብቅ የወሎ ገበሬ ግን የፋብሪካው፣ ያውም ጥቂት ሆኖ በደረቅ ቦታ የተቀመጠው፣ ይሻለዋል።