ከመካ መዲና በሀረማይን ባቡር

እናቴ ከደሴ ለዑምራ መጥታ ነበር። ከመካ ወደ መዲና በአውቶቡስ ልወስዳት አስቤ፣ የጉልበቷን ነገር ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ። የሀረማይን ፈጣን ባቡር ትኬት በስልኬ ቆረጥኩ።

መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል። እዚያ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የምትውለው እናቴ፣ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደረሰች።

ባቡሩ የስፔን ሥሪት ታልጎ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል። አገልግሎት የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ጅዳን አልፈን በረሃው ሲመጣ ስክሪኑ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አለ። እማ የዘምዘም ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ትኩር ብላ አየችው። ውሃው ንቅንቅ የሚል አይመስልም። «ልጄ፣ በአላህ፣ እየሄድን ነው?» አለችኝ። መስኮቱን አሳየኋት። ቅርብ ያለው አጥር ጭው ብሎ ያልፋል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን ቀስ ብሎ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። የመካው ጣቢያ ሩሰይፋ ነው፤ ከሀረም (ከታላቁ መስጊድ) አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሻንጣና አዛውንት ይዞ በእግር አይሞከርም። እኛን ያደረሰን ባለታክሲ ደግሞ እጥፍ አስከፈለን። ዋጋውን ሳትነጋገሩ አትግቡ።

ለረመዳን ካሰባችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ። አቅመ ደካማ ወላጅ ላለው ሰው ገንዘቡ አያስቆጭም።

ስንመለስም በባቡር ነበር። እማ ገና ከዋዜማው «የመስኮቱን ወንበር ያዝልኝ» ብላኛለች።