የልጆች ካርቱን መጻፍ ለምትፈልጉ፣ ፒያሳ ስላለው ስልጠና

ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚሰጠውን የልጆች አኒሜሽን ስልጠና ጨረስኩ፣ ስሙን አልጠራም። ባጭሩ ሀሳባችሁ ተከታታይ ድራማ መጻፍ ከሆነ ብራችሁን አውጡ፣ መሳል ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

የድርሰቱ ክፍል ምርጥ ነው። አስተማሪው ስክሪፕታችሁን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው መጨረሻ ላይ ሽማግሌ መጥቶ ይመክራል ወይ የሚለውን ነው፣ ካለ በቀይ ይሰርዘዋል። ችግሩን ልጁ ራሱ ካልፈታው የሚያየው ልጅ ምን ብሎ ይቀመጣል ይላል፣ እውነቱን ነው፣ እኛ ለልጅ ስንጽፍ ምክር ካልጨመርንበት የጻፍን አይመስለንም። አባባ ተስፋዬ እኮ በድምፃቸው ብቻ ጅቡንም አንበሳውንም ሆነው ነበር የሚይዙን፣ እኛ ያ ችሎታ ሳይኖረን ምክሩን ብቻ ወረስን።

ሌላው የስዕሉ ብዛት ሂሳብ ነው። የ11 ደቂቃ ክፍል በሰከንድ በ24 ፍሬም (ማለት ተከታትሎ በሚያልፍ ነጠላ ምስል) ሲሰላ 15,840 ፍሬም ይመጣል፣ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ 7,920 ስዕል ነው። እና አንዱ ተማሪ "ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ እስክስታ ወረደ" ብሎ ጽፎ መጣ፣ አስተማሪው ስቆ ስቆ "ያን ሁሉ ትከሻ ማን ይስለዋል?" አለው ሃሃሃ። አሁን እኔ ስክሪፕት ላይ ሰፈርተኛው ከአጥር ጀርባ ነው የሚጨፍረው፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ያበሸቀኝ የአፍ ነገር ነው። ድምፁ ቀድሞ ይቀዳና አፉ በድምፁ ልክ ይሳላል፣ የሰጡን የአፍ ቅርጽ ቻርት ግን ለእንግሊዝኛ የተሰራ ነው። ም እና ብ ላይ ከንፈር ይገጥማል እሺ፣ ፍ ላይ ጥርስ ከንፈር ይነካል እሺ፣ ሰባቱን አናባቢ ግን ማን ይስራልን? እኔ የሳልኳት ልጅ ኧ ላይ ስትደርስ የምታዛጋ ነው የምትመስለው። እነ ቀጭኔዋ ጸሐይ አሻንጉሊት ስለሆኑ ከፈት ዘጋ ማለት ይበቃቸዋል፣ የተሳለ ፊት ላይ ግን ልጆች ወዲያው ይነቁበታል። ስጠይቅ "ራሳችሁ አስተካክሉት" ተባልኩ፣ ታዲያ ለምን ከፈልን?

የሶፍትዌሩ ክፍል ደግሞ በቃ ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን መስሪያ ፕሮግራም ነው፣ እሱ በነጻ የሚወርድ ነገር ነው፣ የሚያስተምሩትንም ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ለሁሉም አይበቃም፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም።

ክፍያው ግማሹ በቅድሚያ ነው፣ የድርሰቱን ብቻ ነጥላችሁ መመዝገብ ይቻላል፣ እነሱ ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። የማታውን ፈረቃ ያዙ፣ የቅዳሜው ይጨናነቃል።