ሒሳብን በደረሰኝ፣ በሜትርና በባሕረ ሐሳብ ለሚያስተምሩልን መምህር ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆቻችሁ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። በዚያውም ላመሰግናቸው ነው የምጽፈው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ልጄ "ቲቸር" ነው የምትላቸው፤ እኔም እንደሷ ልጥራቸው።

ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ሁሉንም ትሠራለች። ደብተሯን ብትገልጡት ራይት በራይት ነው። ሱቅ ስትላክ ግን ባለሱቁ የሰጣትን መልስ ሳትቆጥር ጨብጣ ነው የምትመጣው። "ልክ ነው?" ስትባል ትከሻዋን ትሰብቃለች። ሒሳብ የደብተር፣ ብር ደግሞ የሱቅ ሆነው ተለያይተውባት ነበር። የክፍል አስተማሪዎቿን አልወቅስም። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ምዕራፍ መጨረስ ቀላል አይደለም።

ቲቸር ሲመጡ መጽሐፍ አልያዙም። ቦርሳቸው ውስጥ የአናጺ ሜትር፣ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛንና እርሳስ ነበር። ቁጭ እንዳሉ "ቤት ውስጥ ደረሰኝ አለ?" አሉ። ያለውን ሁሉ ሰብስበን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። የሱፐርማርኬት፣ የውሃ፣ የመብራት፣ የፋርማሲ።

አንዱን መዘው ታችኛውን ክፍል በመዳፋቸው ሸፈኑት። የሚታየው ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው፤ 1,150 ብር፣ ከነቫቱ። ቫት 15 በመቶ መሆኑን ነገሯትና "ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው?" አሏት። ልጄ ፈጠን ብላ የ1,150ን 15 በመቶ አወጣች። 172 ብር ከ50። እውነቱን ለመናገር ብዙ ትልልቅ ሰውም የሚያሰላው እንደዚያው ነው። ቲቸር ልክ ነሽም ተሳስተሻልም አላሏትም። "በይ እንግዲህ ቀንሺውና ከቫት በፊት ዋጋው ስንት እንደነበር ንገሪኝ" አሏት። 977 ብር ከ50 መጣ። "አሁን እዚህ ላይ 15 በመቶ ጨምሪበት።" ጨመረች። 1,124 ብር ከምናምን ሆነ። ወደ 1,150 አልመለሳትም።

ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው። እኔ አላስቻለኝም፣ ልናገር ስል ቲቸር በዓይናቸው አስቆሙኝ። ቆይታ ቆይታ "1,150 እኮ መቶው ከነአስራ አምስቱ ነው። 115 ነው!" አለች። 1,150ን ለ115 አካፍላ በ15 አባዛችው። 150 ብር። ያኔ መዳፋቸውን አነሱት። ደረሰኙ ላይ 150.00 ተጽፏል። ልጄ ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ አይታ አታልፍም።

ሳሎናችንን ሴራሚክ ልናስነጥፍ ስንዘጋጅ ደግሞ ልኬቱን ለልጄ ሰጧት። ሜትሩን ይዛ ተንበርክካ ለካችው፤ 3.60 በ4.20። የመረጥነው ሴራሚክ 60 በ60 ነው። ስፋቱን አስልታ 15.12 ካሬ አለች። አንዱ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ስለሆነ 42 ይበቃል። ቲቸር ደግሞ በሌላ መንገድ አሳዩዋት። በአንድ በኩል 6 ይደረደራል፣ በሌላው 7፤ ስድስት ሰባት አርባ ሁለት። ካርቶኑ የሚይዘው 4 ነው፣ ስለዚህ 10 ካርቶን ተኩል። "ግማሽ ካርቶን የሚሸጥልሽ ታገኛለሽ?" አሏት። እንግዲያው 11 ነው። "10.2 ቢሆንስ?" አሁንም 11። ትምህርት ቤት ከግማሽ በታች ሲሆን ወደ ታች ይጠጋጋል ተብላ ተምራለች። እዚህ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ራሷ አብራራችልኝ፤ ሴራሚክ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። በላዩ ላይ ደግሞ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው መጨመር እንዳለበት ባለሙያውን ጠይቃ መጣች።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የፋሲካው ነው። ልጄ ማካፈል ላይ ቀሪ ሲመጣ ትበሳጭ ነበር። "ይሄ ትርፍራፊ ምን ያደርጋል?" ትላለች። ቲቸር በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩና አንድ ቅዳሜ "የ2018ን ፋሲካ እናውጣ፣ ካላንደር ማየት ክልክል ነው" አሏት።

ባሕረ ሐሳብ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት ስሌት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5,500 ዓመት ላይ 2018 ይደመርና 7,518 ይሆናል። ለ19 ስታካፍለው 395 ይደርስና 13 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ይቀነሳል፣ 12 ይሆናል። ይሄ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228 ነው። ለ30 ተካፍሎ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ይባላል። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ተብሎ ይያዛል። ዕለቱ እሑድ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል የሚደመር ቁጥር አለው፤ የእሑድ 7 ነው፤ 18 ላይ ሲደመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከዚያ ፋሲካ 69 ቀን ይርቃል። ወራቱ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ልጄ በጣቷ ቆጠረችው። ጥርን ለመጨረስ 5፣ የካቲት 30፣ መጋቢት 30፣ አራት ይቀራል። ሚያዝያ 4!

ካላንደሩን ስትገልጥ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ቤቱን በጩኸት አናጋችው። ቲቸር ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "395ቱን የት ተጠቀምሽበት?" የትም አልተጠቀመችበትም። ሥራውን ሁሉ የሠራው ያ ትርፍራፊ ያለችው ቀሪ ነው። አሁን የ2019ን አውጥታ ለአያቷ ደውላ ነግራለች።

አብሯት የሚያጠናው የጎረቤታችን ልጅ ሙስሊም ነው። ለሱ ደግሞ ቲቸር ዘካን ይዘው መጡ። ከአርባ አንድ፣ 0.025፣ 2.5 በመቶ፤ ሦስቱም አንድ እንደሆኑ አባቱ በየዓመቱ በሚያሰሉት ነገር አየው። 80,000 ብር ላይ 2,000 ብር ነው። በምን ላይ እንደሚወጣና በማን ላይ ግዴታ እንደሚሆን ግን "አባትህን ጠይቅ" ብለው ነው የላኩት። ይህን አክብሮታቸውን በጣም ወድጄላቸዋለሁ። ልጁም ሲመለስ ከቲቸር የበለጠ የሚያስረዳ ሆኖ መጣ።

እቁብም አስተምረዋቸዋል። 12 ሰው በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር ቢጥል የሚደርሰው 24,000 ነው። "መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ናቸው?" ብለው ሁለቱን ልጆች አከራከሯቸው። ሁሉም 24,000 ጥሎ 24,000 ይወስዳል አለች ልጄ። የጎረቤታችን ልጅ ግን ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ቢጨምር ያው ዕቃ 26,400 ይሆናል ብሎ ረታት። አሜሪካ ላለችው አክስቷ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደወል፣ በበጋና በክረምት ልዩነቱ ለምን አንድ ሰዓት እንደሚቀያየር፣ ከኛ አቆጣጠር ጋር እንዴት እንደሚገጥም ጭምር ሠርተዋል። ልምምድ ማብዛት ለሚፈልግ ካን አካዳሚ የሚባለውን የኢንተርኔት ትምህርት በስልክ ያሳዩታል። ነጻ ነው፣ ጥሩም ነው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ይለቅ ይላሉ።

ለወላጅም ሥራ አላቸው፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት። ልጁ ታክሲ ላይ ራሱ ይክፈል፣ መልሱን ራሱ ይቁጠር ይላሉ። አስቤዛ ስትወጡ ይዛችሁት ውጡ፣ የኪሎውንና የግማሽ ኪሎውን ዋጋ ያወዳድር። የመብራት ካርድ ሲሞላ ስንት እንደተሞላና ስንት ቀን እንደቆየ በትንሽ ደብተር ይጻፍ። ደብተሩን እየመጡ ያያሉ። ካልተጻፈበት የሚጠይቁት ልጁን ሳይሆን እኛን ነው። እኔ ይህን ደብተር ማስያዙን ከሁሉ በላይ እመክራለሁ። አስጠኚ መቅጠር ለማይችልም ቢሆን አንድ ደብተርና ያለፈው ሳምንት ደረሰኞች ይበቃሉ።

ለማን እንደማይሆኑም ልንገራችሁ። "ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደርሶባታል፣ የድሮ ፈተና እያሠሩ በፍጥነት ያዘጋጁልኝ" የምትሉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ቲቸር አይቸኩሉም። አንድ ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ስልክ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥም አይወዱም፣ የወላጅም ቢሆን። ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ላለ ልጅ ግን በሙሉ ልቤ እመክራቸዋለሁ። ክፍያቸው በአካባቢያችን ከሚጠየቀው አይበልጥም፤ ሁለት ቤተሰብ ከተጋራው ደግሞ ይቀላል።

ቲቸር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ልጄ ሒሳብን እንድትወድ አድርገዋታልና እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አሁን ያላቸው ክፍት ሰዓት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስትጽፉልኝ የልጁን ክፍልና የምትኖሩበትን ሰፈር ጨምሩበት፤ ሩቅ ሰፈር እየሄዱ እንዳይደክሙ ነው። የምትቀራረቡ ከሆነ እኔው አገናኛችኋለሁ።