ደች ለዩኒቨርሲቲ፦ ኮርስ ወይስ የቋንቋ ጓደኛ?

ዋኽኒንገን (ኔዘርላንድስ) ወይም ሉቨን (ቤልጂየም) ማስተርስ የሚማር ሀበሻ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ መመረቅ ይችላል። የላቦራቶሪ ሰዎች ቡና ላይ የሚያወሩት ግን በደች ነው። መሠረቱን ጨርሳችሁ መካከለኛው ደረጃ ላይ ከሆናችሁ፣ ሁለት መንገድ አለ፦ ኮርስ መግባት ወይም አብሯችሁ ደች የሚያወራ የቋንቋ ጓደኛ መያዝ።

ወጪ፦ ኮርስ ያስከፍላል። ጓደኛ የቡና ሂሳብ ነው።

ምቾት፦ ኮርስ ሰዓት አለው። ጓደኛ ሲመቸው ነው፤ ደሞ አክሰንታችሁን እንደሰማ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። መጀመሪያውኑ ቃል አስገቡት።

ጽሑፍ ላይ ኮርስ ይበልጣል። ሪፖርት «ለካሁ» ሳይሆን «ተለካ» ይላል፦ «ዴ ቴምፔራቱር ዌርት ኽሜተን» (ሙቀቱ ተለካ)። ይህን ካፌ ውስጥ ማን ያስተምራችኋል? «ኦምዳት» (ምክንያቱም) ሲመጣ ደግሞ ግሱ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ይንገዳገዳሉ፤ እኛ ግን በአማርኛ ለምደነዋል።

ቁጥር ላይ ጓደኛ ይሻላል። 52 የሚባለው «ሁለትና ሃምሳ» ተብሎ ነው። ሰው እያነበበላችሁ ካልተለማመዳችሁ 25 ብላችሁ ትመዘግባላችሁ፤ ዳታው ገደል ገባ ማለት ነው።

በደች ሪፖርት መጻፍ ካለባችሁ ኮርስ። መስክ ወጥታችሁ ገበሬ የምታነጋግሩ ከሆነ ጓደኛ።